አዲስ ርዕሰ መምህር ከሆኑ፣ ሪፖርት የማይጽፍብዎት ሰው ይፈልጉ

አንድ መምህር ከኮሌጅ ተመርቆ ትምህርት ቤት ሲመደብ መመሪያው የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ጊዜ ይሰጠዋል። ነባር መምህር ሜንተር ሆኖ ይመደብለታል፤ አብሮት ያቅዳል፣ ክፍሉ ገብቶ ያየዋል፣ ያርመዋል። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይጠበቅበታል። ይኸው መምህር ከዓመታት በኋላ ርዕሰ መምህር ተብሎ ሲመደብ ግን የሚሰጠው ደብዳቤ፣ ማኅተምና አንድ ዘለላ ቁልፍ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለበት ደቂቃ ጀምሮ ያ ሁሉ ተማሪ፣ መምህራኑ፣ ዘበኞቹ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ ከጎረቤት ጋር ያለው የአጥር ክርክር ሳይቀር የሱ ነው።

ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየገባ በትምህርት ቤት አመራር የድህረ ምረቃ ዲፕሎማውን የያዘ ብዙ ነው። እኔም ይዣለሁ፤ ትምህርቱንም አልንቀውም። ግን ረቡዕ 4 ሰዓት ላይ ሁለት መምህራን ቀርተው፣ አንዲት እናት ቢሮ ተቀምጣ እያለቀሰች፣ በስልክ ደግሞ «ለአስቸኳይ ስብሰባ አሁኑኑ ድረስ» ሲባሉ የቱን አስቀድመው የቱን እንደሚያስከትሉ በአዳራሽ ትምህርት አይገኝም። እኔ ያገኘሁት እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ረጅም ዘመን ርዕሰ መምህር ከነበሩ ሽማግሌ ነው። ማንም አልመደባቸውም። አንድ ስብሰባ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ «ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ ና፣ ቡና እንጠጣ» አሉኝ። ያ ዓርብ ሌላ ዓርብ እየወለደ ዓመቱን ሙሉ ሄደ።

ጠባያቸው መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። የገጠመኝን ዘርዝሬ ስጨርስ «እህ፣ አንተስ ምን አሰብክ?» ይላሉ። መልሱን እያወቁት ለምን አይነግሩኝም እያልኩ እበሽቅ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ዓርብ እስኪደርስ መልሱን ራሴ አዘጋጅቼ መሄድ ጀመርኩ፤ ምክንያቱም እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ተራው የእኔ ሆኖ፣ ከራሴ ትምህርት ቤት ሥራ ጎን በከተማችን አዲስ ከሚመደቡት አንዳንዶቹ አጠገብ ቆሜ ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ለነባሮቹና ዘንድሮ ቁልፍ ለተረከቡት ነው።

የሽማግሌው ነገር የሠራው በአንድ ምክንያት ይመስለኛል፤ አለቃዬ አልነበሩም። ውጤቴን አይሞሉም፣ ዝውውሬን አይወስኑም፣ ስለኔ የሚጽፉት ወረቀት የለም።

በአንድ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚከታተሉት የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች በዚህ እንዳይቀየሙኝ። ሥራቸው አስፈላጊ ነው፤ ጥሩ ሱፐርቫይዘር ትምህርት ቤት ሲያቀና አይቻለሁ። ነገር ግን ቼክሊስት ይዞ የሚመጣና ግብረ መልሱን በግልባጭ ወደ በላይ የሚልክ ሰው ፊት ማንም ርዕሰ መምህር «ይሄን አላውቀውም» አይልም። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ትምህርት ቤቱ ለእንግዳ እንደሚሰናዳ ቤት ይሆናል፤ የተዝረከረከው ሁሉ ወደ ጓዳ ይገባል፣ የስድስት ወር ቃለ ጉባኤ በአንድ ሌሊት ይጻፋል። ኢንስፔክሽን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ትምህርት ቤቱ በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝኖ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋልና፣ አዲሱ ሰው ከደረጃ 2 ወደ 3 መውጣት ማለት ፋይል መደርደር ይመስለዋል። ስለዚህ የሚመዝነው ሰውና የሚያማክረው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም ባይ ነኝ። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ፤ «ተጠያቂነት ከሌለ ምክሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል» ይላሉ። ተጠያቂነቱ ግን ሞልቶ ተርፏል፤ ርዕሰ መምህሩ ለወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ ለቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርዱ፣ ለክፍለ ከተማው፣ ለመምሪያው ይጠየቃል። አንድ የማይጠይቀው ሰው ቢኖረው ምን ይጎዳል?

ስለዚህ ከማንም ጋር ስጀምር ሁለት ነገር እንስማማለን። የምንነጋገረውን እኔ አልጽፍም፤ የሚጻፍ ካለ በሱ ደብተር፣ በሱ እጅ ይጻፋል፣ ደብተሩም እሱ ዘንድ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ስለሱ ከበላይ ብጠየቅ «እሱን ጠይቁት» ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ስመልስ የጠየቀኝ ኃላፊ ቅር አለው። ቅሬታው አልፏል፤ ያ አዲስ ርዕሰ መምህር ግን ነገሩን በሌላ በኩል ሰምቶ ኖሮ ከዚያ በኋላ ነበር የልቡን መናገር የጀመረው።

ልጆች ተጎድተው እያየሁ ግን ዝም አልልም። የልጅ ደኅንነት ላይ አደጋ ካለ፣ ወይም የመንግሥት ገንዘብ እየጠፋ ከሆነ ምስጢር የለም። ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን እነግራቸዋለሁ፤ ኋላ ከተነገረ ክህደት ይመስላል።

አሁን ወደ ሥራው። አዲስ ሰው በብዛት የሚጎዳው ርክክብ ላይ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። ምደባው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ነሐሴ መጨረሻ፣ ምዝገባ ሲጧጧፍ ነው፤ አንዳንዴም በዓመቱ መካከል። የሚሰናበተው ርዕሰ መምህር ይቸኩላል፤ አዲሱ ያፍራል። «ኧረ ችግር የለም፣ እንተማመናለን» ተባብለው ይፈርማሉ። ከዚያ ጥቅምት ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የዱቤ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ኅዳር ላይ ኦዲተር መጥቶ በሞዴል 19 ገቢ የሆነው ኮምፒውተር የት እንደገባ ይጠይቃል፤ ወጪ የሆነበት ሞዴል 22 የለም። ያልቆጠሩት ንብረት ፊርማዎ ካረፈ በኋላ የእርስዎ ነው።

ርክክብ ላይ አጠገባቸው ስሆን የማደርገው መሸማቀቁን መስበር ነው። ነባሩን ሰው ማክበርና ንብረት መቁጠር አይጋጩም። ከንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጋር ሆነን በመዝገብ ያለውን በዓይን እናያለን፤ ጎደለም ተረፈም በቃለ ጉባኤ እናሰፍራለን። የባንክ ሒሳቡ ፈራሚዎች እነማን ናቸው? የቀድሞው ወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢ ከከተማ ወጥተው ከሆነ ቼክ አይወጣም፤ ቼክ ካልወጣ ለመስከረም ወረቀትና ጠመኔ አይገዛም። ያልተከፈለ ዕዳ ካለ በጽሑፍ ይምጣ። የይዞታ ማረጋገጫው የት ነው? ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ አለ? የተማሪ መጽሐፍ በየክፍሉና በየትምህርቱ ስንት ነው? የመጨረሻው በተለይ ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወዲህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ስቶር ውስጥ ያለው የድሮው ሆኖ ልጆቹ የሚማሩት በአዲሱ የሆነበት አለ። መዝገቡ «መጽሐፍ አለ» ይላል፤ ዴስኩ ላይ ግን ለሦስት አንድ ነው።

በመዝገብ የማይገኝ ነገርም አለ። ከተሰናባቹ ጋር ከጊቢ ውጭ ቡና እንዲጠጡና «አንተ ብትቆይ ኖሮ ዘንድሮ ምን ታደርግ ነበር?» ብለው እንዲጠይቁት እመክራለሁ። የትኛው ዘበኛ ሌሊት እንደሚታመን፣ የትኛው ወላጅ ሲጠሩት እንደሚደርስ፣ የትኞቹ ሁለት መምህራን በአንድ ኮሚቴ ውስጥ መግባት እንደሌለባቸው የሚነግርዎት እሱ ብቻ ነው። ስለ ሰዎች የሰሙትን ግን እንዳለ አይዋጡት። ተሰናባቹ «አስቸጋሪ» ያለው መምህር ለአዲሱ ሰው ቀኝ እጅ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከሁሉም አጠገባቸው ከቆምኩት መካከል ብዙ ያስተማረኝ የአንዲት ወጣት ርዕሰ መምህርት ጉዳይ ነው። የተመደበችው ራሷ በተማረችበት ትምህርት ቤት ነበር። ሒሳብ ያስተማሯት መምህር አሁንም እዚያው ያስተምራሉ፤ ያረፍዳሉ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍሉ ያለ መምህር ይቀመጣል፤ ጩኸቱ ቢሮዋ ድረስ ይሰማል። አንድ ማታ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ለሳቸው እንዴት ብዬ ነው ማስጠንቀቂያ የምጽፈው? ሲገቡ እኮ ከወንበሬ እነሳለሁ።»

«መነሳቱን አትተይ» አልኳት። «ማስጠንቀቂያው ምን ይላል?»

«በተደጋጋሚ አርፍደዋል ይላላ!»

«የትኞቹን ቀናት?»

ዝም አለች። በማግስቱ የፊርማ መዝገቡን አውጥታ አየችው። የሚያረፍዱት ሁልጊዜ አልነበረም፤ በሳምንት ውስጥ በተወሰኑ ቀናት ነው፣ ያውም በነዚያው ቀናት። ጎንደር የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይጠረጥራል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ከተማው ደግሞ እየሰፋ፣ ውሃ በፈረቃ ሆኖ ከኖርን ቆይተናል፤ ተራ የደረሰው ሰፈር ጎህ ሳይቀድ ጀሪካን ይደረድራል። እሷ ግን አልጠረጠረችም፤ «ልጅ ብለው ንቀውኝ ነው» ብላ ደምድማ ነበር።

መገመቱን ትተን ንግግሩን ተለማመድን። እኔ መምህሩን ሆንኩ። ክፉ አድርጌ ተጫወትኩት፦ «አንች ልጅ፣ እኔ እዚህ ቤት ጠመኔ ስቅም አንች ዳዴ ትይ ነበር! ዛሬ ሰዓት ልትቆጥሪብኝ?» መጀመሪያ ጊዜ ሳቀችና አቀረቀረች። ቀጥሎ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች፤ እኔ ነኝ ያረፈድኩት እሷ ናት ይቅርታ የምትለው! እየደጋገምን ሄደን በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት፤ ሰዓት ማክበሩንም ከአንቱ ነው ያየሁት። አሁን ግን በነዚህ ቀናት ልጆቹ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር ይቀመጣሉ። ምን ብናደርግ ይሻላል?» በቃ፣ ይሄን ይዘሽ ሂጂ አልኳት።

የሄደችው ቢሮ ጠርታቸው አይደለም፤ መምህራን ማረፊያ ክፍል ብቻቸውን ሲሆኑ ጠብቃ ነው። «ውሃ ነው ልጄ» አሏት። ባለቤታቸው ታመዋል፣ ልጆቻቸው ከቤት ወጥተዋል፤ ጀሪካን የሚሞሉትም የሚያስገቡትም እሳቸው ናቸው። ያንን ለማንም አልተናገሩም፤ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል? የእነዚያን ቀናት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ከአንድ ወጣት መምህር ጋር አለዋወጠቻቸው፤ ማርፈዱም ቀረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ብዙም ሳይቆይ ደወለች፦ «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ውሃ ቸገረኝ ማለት ጀመረ!» እሱንም አነሳነውና መምህራኑ ራሳቸው እንዲወስኑ ስብሰባ ላይ አቀረበችው። ክፍለ ጊዜ የሚለዋወጡ ሁለት መምህራን እርስ በርስ ተስማምተው ይፈርማሉ፣ ለምክትሏ ያሳውቃሉ፣ ክፍል ባዶ አይቀርም። ሁሉም አልወደደውም፤ አንዱ እስከ ዛሬ ያጉረመርማል። የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲደርስም ለአሮጌው መምህሯ ነጥብ መስጠቱ አስጨነቃት፤ እሱ ግን በመዝገብ ላይ የተመሠረተ ስለነበር እሳቸውም አይተው ፈረሙ።

ከዚህ ያየሁት፣ ለኛ አገር ርዕሰ መምህር ከባዱ ነገር ዕቅድ ማዘጋጀቱ አለመሆኑን ነው። ዕቅድ ከጓደኛ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥም ኖሯል። ከባዱ በዕድሜ ከሚበልጥዎት፣ ካስተማረዎት፣ ክርስትና ካነሳልዎት፣ በዕድር አብሮዎት ከሚቀመጥ ሰው ጋር ስለ ሥራው እውነቱን መነጋገር ነው። ይሉኝታ አለ። ይሉኝታን ጥሉት የሚል ምክር እሰማለሁ፤ የሚጥለው ሰው ጎንደር ላይ ትምህርት ቤት ሊመራ አይችልም። አክብሮቱን ሳይለቁ ነገሩን መናገር ግን በልምምድ ይመጣል፤ ልምምዱ ደግሞ ለብቻ አይሆንም፣ ፊትዎ ቁጭ ብሎ አሮጌውን መምህር የሚሆንልዎት ሰው ያሻል።

ሌላው አብረን የምንሠራው ክፍል ገብቶ ማየት ነው። አዲሱ ርዕሰ መምህርና እኔ፣ መምህሩ ፈቅዶ፣ ኋላ እንቀመጣለን። ያየነውን ብቻ እንጽፋለን፤ «ጥሩ ነው»፣ «ደካማ ነው» የሚል ቃል ክልክል ነው። ወጥተን እናስተያያለን። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጽፉት ስለ መምህሩ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ ሰሌዳው ተከፍሏል፣ የትምህርት ዕቅድ ይዟል። እኔ ልጆቹን ነው የምጽፈው፤ መምህሩ የጠየቀው የፊት ሁለት ረድፍ ተቀማጮችን ብቻ ነበር፣ መስኮት ሥር ያለችው ልጅ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ደብተሯን አልከፈተችም፣ «ገባችሁ?» ሲል «አዎ» ያሉት የፊተኞቹ ናቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ለመምህሩ የሚነገረው በዚያው ቀን ነው፤ ሳምንት ካለፈ ወሬ ነው። የሚነገረውም አንድ ነገር ብቻ ነው። በምልከታ ቅጹ ላይ ያሉትን ነጥቦች ሁሉ ከላይ እስከ ታች ቢያነቡለት መምህሩ አንዱንም ይዞ አይወጣም።

«ክፍል መግባት እፈልጋለሁ፣ ስብሰባው ግን መቼ ለቀቀኝ» የሚለኝ ብዙ ነው። እውነት ነው። አንድ ርዕሰ መምህር በአንድ ሳምንት ውስጥ ለስብሰባ የሚጠራበትን ብዛት ቢቆጥረው ያለቅሳል። እኔ የምለው፣ ከጠዋቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍለ ጊዜን የክፍል ሰዓት አድርገህ ለምክትልህ፣ ለጸሐፊህና ለበሩ ዘበኛ ንገር ነው። ወላጅ ከመጣ ከእረፍት በኋላ ይጠብቅ። ድንገተኛ ስብሰባ ከሆነ ምክትል ይላክ፤ ምክትሉም በዚያው ይማራል። በየቀኑ አይሳካም። ከሳምንቱ ግማሹ ከተሳካ ግን መምህራኑ ያውቁታል፤ የርዕሰ መምህሩ ጫማ ኮሪደር ላይ ሲሰማ ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ይለወጣል።

ስለ ፈተና ውጤት ደግሞ ትንሽ ልበል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 ከመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የሁለተኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር ገና ወንበሩ ሳይሞቅ «የውጤት ማሻሻያ ዕቅድህ የታለ?» ይባላል። ዕቅዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለ12ኛ ክፍል ቅዳሜ ቲቶሪያል። አንዱ እንዲህ አቅዶ ግማሹ ተማሪ ይቀርበት ነበርና ተናዶ መጣ። ቅዳሜ ጎንደር ላይ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ከሌላ ዞን የመጣ ነው። ቅዳሜ ገበያ እናቱን የሚያግዝ፣ ዕቃ የሚሸከም፣ ለሳምንቱ የቤት ኪራዩን የሚሠራ ልጅ ሞልቷል። ቲቶሪያሉ በአዘቦት ቀን ከትምህርት በኋላ ሲሆን የሚመጣው ልጅ በረከተ።

ከዚያ ግን ሌላ ጥያቄ አነሳሁለት፦ የ9ኛ ክፍል ልጆችህ ያነባሉ? «እንዴታ!» አለኝ። ጥቂቶቹን ከየክፍሉ እንዲያስጠራና ከታችኛው ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አንድ ገጽ ጮክ ብለው እንዲያነቡለት፣ ከዚያም ያነበቡትን እንዲነግሩት ጠየቅሁት። ያየውን ለናንተም ትቼዋለሁ፤ ሞክሩት። የዓመቱ ዕቅዱ ከ12ኛ ወደ 9ኛ ወረደ። ውጤቱ በሱ የሥራ ዘመን ላይታይ ይችላል፤ ያንንም አውቆ ነው የገባበት።

ከሌላ አካባቢ ለሚመጡ አንድ የጊዜ ሰሌዳ ነገር፦ ጥር 10፣ 11 እና 12 ጎንደር ሌላ ከተማ ናት። ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ሦስት ቀን ብቻ አይደሉም፤ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ልጆቹ መዝሙር ጥናት ላይ ናቸው፣ ቤቱ ሁሉ እንግዳ ይጠብቃል፣ ባጃጅ አይገኝም። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በዚያው ወር ነው። መርሐ ግብሩ ላይ ገና በኅዳር አስቡበት።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የመጣውን ሁላችንም የምናውቀው ስለሆነ አላበዛም። መንገድ ሲዘጋ መገናኘት አልቻልንም፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ጠፍቶ ስለነበር የቀረን ስልክ ነው። ያኔ የተጠየቅሁት ስለ ዕቅድ አልነበረም። «ነገ ልክፈት ወይስ ልዝጋ?» ለሚለው እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ግን ማንን አማክሮ፣ ለማን አሳውቆ፣ ለወላጅ በምን መንገድ አስተላልፎ እንደሚወስን አብረን እናስብ ነበር። ከገጠር ተፈናቅለው ያለ ካርድና ያለ መሸኛ የመጡ ልጆች ነበሩ። «ማስረጃ ካላመጣ አልመዘግብም» ያለ አዲስ ርዕሰ መምህር ነበር፤ ልጁ ማስረጃ ከየት ያመጣል? የወላጅ መምህር ኅብረቱ ባለበት ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ልጁ በአጭር መመዘኛ ፈተና ክፍሉ ተለይቶ እንዲገባ፣ ማስረጃው ሲገኝ እንዲሟላ ተስማማን። አንዳንዱ ማታ ደግሞ ምንም ምክር አልነበረም፤ ሰውየው ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ፣ «እግዜር ያሳድርህ» ተባብለን እንዘጋለን። እሱንም ከሥራው እቆጥረዋለሁ።

ያልሆነልኝም አለ። አንዱ አዲስ ርዕሰ መምህር ሜንተር የፈለገው ለዝውውሩ አማላጅ እንድሆነው ነበር፤ ይህን ሳውቅ በጊዜ ተለያየን፣ አልተኳረፍንም። ሌላው ደግሞ ሁሉን እኔ እንድወስንለት ይፈልጋል፤ «ጋሼ እንዳሉት» እያለ በኔ ስም መምህራኑን ማዘዝ ጀመረ። እንዲህ ያለውን ቶሎ ማስቆም ነው፤ አለበለዚያ ትምህርት ቤቱ ሁለት አለቃ ይኖረዋል። ነባሮች ላይ ያየሁት ችግር ደግሞ «እኔ በነበርኩበት ጊዜ» ማለት ነው። እሱ በነበረበት ጊዜ ተማሪው ሞባይል አልያዘም፣ መምህሩም በደመወዙ ቤት ይከራይ ነበር። ታሪኩን ለሠርግ ያቆየው።

አበል ይከፈል የሚሉ አሉ። የባጃጅና የቡናው ወጪ ከኪሴ ነው፤ ቢተካልኝ አልጠላም። ነገር ግን አበል የገባበት ሥልጠና ወደ ፊርማ ማሰባሰቢያ ሲለወጥ ደጋግሜ ስላየሁ እፈራለሁ። አበል ካለ ቅጽ ይመጣል፣ ቅጽ ካለ ሪፖርት ይመጣል፤ ሪፖርት ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ እንደገና ነገሩን ወደ ጓዳ ማስገባት ይጀምራል። መንግሥት ሊያግዝ ከፈለገ በወር አንድ ከሰዓት ለሁለቱም ነጻ ጊዜ ቢሰጥ ይበቃል።

ሜንተር ለሚፈልጉ አዲሶች፦ እስኪመደብላችሁ አትጠብቁ። በክፍለ ከተማችሁ የማይሠራ፣ ውጤታችሁን የማይሞላ፣ ቢቻል በእናንተ ዓይነት ትምህርት ቤት የሠራ ሰው ምረጡ፤ የአንደኛ ደረጃና የሁለተኛ ደረጃ ጣጣ አይመሳሰልም። ሴት ከሆናችሁና ሴት ሜንተር ካገኛችሁ አንድም ነገር አትሸሽጓትም፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚደረግ የወንዶች ስብሰባ ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ርዕሰ መምህርት የሚገጥማትን እኔ ሙሉ በሙሉ አላውቀውም። ጡረታ የወጡትንም አትርሷቸው፤ ጊዜ አላቸው፣ መጠየቁንም ይወዱታል። «ሜንተር ይሁኑኝ» ማለት ከከበዳችሁ «አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር» በሉ፤ እሺ የማይል የለም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ከቢሮ ውጭ ይሁን። የምትይዙትም የርክክቡን ቃለ ጉባኤ፣ የዘንድሮውን የክፍለ ጊዜ ድልድልና ባለፈው ሳምንት በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሠራችሁ በእጅ የጻፋችሁበትን አንድ ወረቀት ነው። ሦስተኛውን ሳታሳምሩ ጻፉት። ሜንተሩ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ከሆነ ሰው አግኝታችኋል፤ ዓመታዊ ዕቅዳችሁን አምጡ ካለ ግን ሌላ ፈልጉ።